የጤና አፕ እንጠቀም፣ የበሽታችን ወሬ ግን ከስልካችን አይውጣ

የጤና አፕ አያስፈልግም ከሚሉት ጋር አልስማማም። ስኳር ያለበት ሰው ጠዋት ማታ የለካውን ስልኩ ላይ እየመዘገበ ከቆየ ሐኪሙ ጋ ሲቀርብ የወራቱን ውጣ ውረድ በአንድ ግራፍ ማሳየት ይችላል፣ የደም ግፊት ኪኒን የሚረሳም ስልኩ ያስታውሰዋል፣ የላብራቶሪ ውጤት ለመቀበል ብቻ ተመልሶ ወረፋ መያዝም ይቀራል። ይሄ ለታማሚ ትልቅ እፎይታ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ለዚህ ብለን የሞላነው መረጃ ሳናውቀው ወጥቶ የማንም እጅ መግባቱ ነው።

ብዙ ሰው መረጃ ወጣ ሲባል ቶሎ የሚታየው ሃከር ነው። ሃከርማ አለ፣ እመጣበታለሁ፣ ግን ብዙ ጊዜ አሳልፎ የሚሰጠን ራሱ አፑ ነው። አሰራሩ እንዲህ ነው፦ አፕ ሰሪዎች ሁሉንም ከባዶ አይጽፉም፣ ማስታወቂያቸው ስንት ሰው እንዳመጣላቸው ለማወቅ ከፌስቡክ ወይ ከጉግል የተዘጋጀ ኮድ ወስደው አፓቸው ውስጥ ይከታሉ፣ ያ ኮድ ደግሞ አፑን በከፈትን፣ አንዷን በተን በነካን ቁጥር ኢቨንት የሚሉትን አጭር መልእክት ይልካል፣ አብሮም የስልካችን የማስታወቂያ መለያ ቁጥር ይሄዳል። ስማችን አልተጻፈም ይሉናል። ግን ያው ቁጥር ስልካችን ላይ ያሉት ሌሎች አፖችም ጋ ስላለ ማን እንደሆንን ለመለየት ብዙም አያስቸግርም።

ፍሎ የሚባለውን የወር አበባ መከታተያ እንውሰድ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው የተጠቀመበት አፕ ነው። የጤና መረጃችሁን በሚስጥር እንይዛለን እያለ ወደ ፌስቡክ ከሚልካቸው ኢቨንቶች አንዱ ስሙ የእርግዝና ሳምንት ተመረጠ እንደማለት ነበር። ማለትም ሴትየዋ ለእናቷ እንኳ ሳትነግር ፌስቡክ ሰምቷል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሶት ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን ጉዳዩ እ.ኤ.አ በ2021 በስምምነት ተዘጋ። በ2023 ደግሞ የመድኃኒት ቅናሽ የሚሰጠው ጉድአርኤክስ ተጠቃሚዎቹ የሚወስዱትን መድኃኒት ለፌስቡክና ለጉግል አካፍለሃል ተብሎ 1.5 ሚሊዮን ዶላር፣ በስልክ የስነልቦና ምክር የሚሰጠው ቤተርሄልፕ ደግሞ 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተደረገ። ሰው ድብርት ይዞኛል ብሎ የሞላው ፎርም ማስታወቂያ ማነጣጠሪያ ሲሆን ምን ይባላል?

የታካሚ ሚስጥር የሚጠብቅ ሕግ የለም እንዴ የሚል ይኖራል። አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ሂፓ የሚባል ሕግ አላት፣ ግን የሚይዘው ሐኪሙን፣ ሆስፒታሉንና ኢንሹራንሱን ነው፣ ራሳችን ያወረድነው አፕ በአብዛኛው ከሱ ውጪ ነው። ያው የደም ምርመራ ውጤት ሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ሚስጥር፣ እኛ አፑ ላይ ስንጽፈው ሸቀጥ ይሆናል ማለት ነው።

የምደብቀው የለኝም የሚለውን መልስ አልቀበለውም። ፓስወርድ ቢወጣ በደቂቃ ይቀየራል፣ የኤችአይቪ ውጤት ወይ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ የሚባል የስነልቦና ሕክምና ድርጅት የታካሚዎቹ ፋይል ተሰርቆ፣ ሌባው መጀመሪያ ድርጅቱን 40 ቢትኮይን ጠየቀ፣ እሱ አልሆን ሲለው በጥቅምት 2020 በቀጥታ ለታካሚዎቹ 200 ዩሮ ካልከፈላችሁ ለሐኪማችሁ የነገራችሁትን አወጣዋለሁ እያለ ኢሜይል ላከ። የተነካው ወደ 33 ሺህ ሰው ነው። በ2024 ፍርድ ቤት 6 ዓመት ከ3 ወር እስር ፈርዶበታል፣ ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀውን ግን ፍርድ ቤት መልሶ አይሰበስበውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፣ እውነት ነው፣ ግን ሰው የነገረው ሁሉ አንድ ቀን አደባባይ ይወጣል ብሎ ከፈራ ለሐኪሙም መደበቅ ይጀምራል። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይሄንን ነው።

ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ስልካችን ስክሪን ላይ የሚወጣ ሚስጥር አለ። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከሰዎች ጋር ሲጨዋወት ሰዓቱ ደርሶ የመድኃኒቱ ስም ከነሚሊግራሙ ብቅ ቢል አጠገቡ ያለው ሁሉ አነበበ ማለት ነው። ሴቲንግ ገብቶ የተቆለፈ ስክሪን ላይ የኖቲፊኬሽን ይዘት እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል፣ አፑ ውስጥም የመድኃኒቱን ስም ሰዓት ደረሰ በሚል መቀየር ይቻላል፣ ግን ይሄ መጀመሪያውኑ የአፕ ሰሪው ስራ መሆን ነበረበት። የውጤት ወረቀት ፎቶ ማንሳትም እንደዛው ነው፣ ፎቶው ጋለሪ ገብቶ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ከበራ ራሱ ክላውድ ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ ማከማቻ ውስጥ ይወጣል፣ ፎቶዬን እይ ብለን የፈቀድንለት አፕ ሁሉም ያየዋል።

እና የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ስልኩ ውስጥ ሊሰራ የሚችል ነገር ከስልኩ መውጣት የለበትም። የወር አበባ መቼ እንደሚመጣ ማስላት መደመርና መቀነስ ነው፣ ሰርቨር፣ ማለትም የኩባንያው ኮምፒውተር አይፈልግም። ድሪፕ የሚባለው የወር አበባ መከታተያ አፕ መረጃውን እዛው ስልክ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ኮዱም ማንም እንዲያየው ክፍት ነው፣ ስለዚህ አይቻልም የሚለኝን ሰው አላምንም። ስልክ ቢጠፋስ ለሚለው ደግሞ ባለቤቱ ብቻ የሚፈታው ባክአፕ አለ። በእርግጥ ለሐኪም መላክ ያለበት ይላካል፣ አለርጂና የደም ዓይነትንም ራሱን የሳተ ሰው ስልክ ላይ ሳይከፈት እንዲታይ ማድረግ ሕይወት ያድናል፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን እሱ ባለቤቱ አስቦበት የሚያደርገው ነው።

እስከዛው በእጃችን ያለውን እናድርግ። አንድሮይድ ላይ የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩን ከሴቲንግ ማጥፋት ይቻላል፣ አይፎንም ከ2021 ጀምሮ አፑ ይከታተልህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ አይ ማለት ነው። የደም ግፊት የሚመዘግብ አፕ ኮንታክታችንን ከጠየቀ መከልከል። አፑን ከስልክ ማጥፋት ደግሞ አካውንቱን አያጠፋም፣ መጀመሪያ አካውንቱ ይሰረዝ፣ ከዛ አፑ።

ሆስፒታሎችም አፑን አውርዱ ከማለታቸው በፊት መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ባጭሩና በሚገባ ቋንቋ ይንገሩን፣ አልፈልግም ያለ ታካሚም ውጤቱን በወረቀት ሳይጉላላ ይቀበል።