ባለ ታጣፊ ወንበሩ አሰልጣኝ ዕድሜ ይስጥልን

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሜሪላንድ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጆች ግጥሚያ እያየሁ ነበር። አንዱ ልጅ እግር ሥር ኳስ ገባች። አሰልጣኙ «ወደ ኋላ መልሳት!» አለው። አባቱ «ምታት! ምታት!» አለ። እናቱ «የጫማህ ክር ተፈቷል!» አለች። ልጁ ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው። እሱ እያየ ሳለ የተቃራኒው ቡድን ልጅ ኳሷን ወሰዳት፣ ማንም ሳይነካው ሄዶ አገባት። አባት ከወንበሩ ብድግ አለና ፍርዱን ሰጠ። «ይሄ አሰልጣኝ አይረባም!»

ይህን ሰው እናንተም ታውቁታላችሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ እሱ የሌለበት የልጆች ሜዳ የለም። ኩባያ ማስቀመጫ ያለው ታጣፊ ወንበር፣ ትልቅ ጃንጥላ፣ በፔርሙስ ቡና። ፈረንጁም አለ፣ ላቲኖውም አለ። እኔ በተለይ የማደንቀው ግን የእኛውን ነው። በሁለት ቋንቋ ይጮሃላ! ምክሩን በእንግሊዝኛ፣ ስድቡን በአማርኛ።

ደግሞም ዕውቀቱ ከየት እንደመጣ ሲናገር አያፍርም። «እኔ በጨርቅ ኳስ ያደግኩ ነኝ» ይላል። እውነቱን ነው። በጨርቅ ኳስ ሲጫወት ግን አባቱ ሜዳው የት እንደሆነ እንኳን አያውቁም ነበር። ቢያውቁ ኖሮ ይዘው የሚመጡት ታጣፊ ወንበር ሳይሆን አርጩሜ ነበር። አብዶ መሥራት የተማረው ማንም ሳያየው ነው። ለልጁ ግን እንዲህ ያለ ብቸኝነት አይመኝለትም። ልጁ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር አባቱ አብሮት አለ።

ደንብ የሚባል ነገርም አይበግረውም። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ በዚህ ዕድሜ ሰባት ለሰባት እንዲጫወቱ አድርጓል። ሜዳው ጠበብ፣ ሰዉ ቀነስ ሲል እያንዳንዱ ልጅ ኳስ ቶሎ ቶሎ ይነካል በሚል ነው። የእኛ ሰው እስከ ዛሬ «የቀሩት አራቱ የት ሄዱ?» እያለ ይጠይቃል። አሥር ዓመት እና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች በቴስታ መምታት ክልክል ነው፣ ለጭንቅላታቸው ተፈርቶ። ሆን ብሎ በጭንቅላቱ የመታ ልጅ ቅጣት ምት ያሰጣል። እሱ ግን ኳስ ከጉልበት በላይ ከፍ ባለች ቁጥር «በቴስታ!» ይላል። በረኛው በእጁ የያዛትን ኳስ መጠለዝ አይፈቀድለትም፤ በእጁ ወርውሮ ወይም መሬት ላይ አስቀምጦ በቅብብል እንዲጀምር ነው የሚፈለገው። «ጠልዛት!» ይላል የእኛ ሰው። ልጁ የትኛውን ያክብር? ደንቡ ማታ ቤት ድረስ አብሮት አይሄድም። አባቱ ግን መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው።

በፈረንጆቹ ጥቅምት 2017 አሜሪካ በትሪኒዳድና ቶቤጎ 2 ለ 1 ተሸንፋ ከሩሲያው የዓለም ዋንጫ ስትቀር አገሩ ሁሉ ምክንያት ፈለገ። ገሚሱ ገንዘብ የሌለው ልጅ ክለብ አይገባም አለ። ገሚሱ ልጆቹ ገና በስምንት ዓመታቸው ለዋንጫ ነው የሚጫወቱት፣ ኳስ መቆጣጠር ሳይማሩ ያድጋሉ አለ። ባለ ወንበሩ ሁሉንም ሰማ። ከዚያ ጩኸቱን ጨመረ።

ክፍያውን ካነሳን፣ እዚህ አገር ተራ ቡድን የሚባል የለም። ከላይ ያለው ፕሪሚየር ኤሊት ነው፣ መካከለኛው ኤሊት ነው፣ ኳስ በእጁ የሚይዘው ልጅ ያለበት ደግሞ አካዳሚ ነው። በዓመት ሺዎች ይከፈላል። እኔም ከፍያለሁ፣ ስለዚህ ስስቅ በራሴም ነው። ጌዲዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወልዶ፣ ሜሪላንድ ኳስ ተጫውቶ፣ በፈረንጆቹ 2013 አርሰናል ገባ። ከዚያ ወዲህ ይህንን ታሪክ ከክፍያ ደረሰኙ ጋር አጣጥፎ ኪሱ ያልከተተ ሐበሻ አባት አላጋጠመኝም።

የአባትነት ፍቅር ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ያየሁት ግን ቨርጂኒያ ቢች በሄድንበት ቱርናመንት ነው። ዓርብ ከሥራ ወጥተን አውራ ጎዳና 95 ላይ ገባን። አራት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ሰባት ሰዓት ፈጀ። ሆቴሉን የምንመርጠው እኛ አይደለንም። አዘጋጁ ከሰጠን ዝርዝር ካልያዝን ቡድኑ አይጫወትም። ሁለት ሌሊት ግዴታ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ጨዋታ ነበረን። በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስተን ቁርስ ስንወርድ የዋፍል ማሽኑ ፊት ማን ቆሟል? የፎቃችን ጎረቤት። እላያችን ላይ ያለው አፓርታማ የሚኖረው።

«ውይ! አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ልጄ ጨዋታ አለው። አንተስ?»

ተጋጣሚያችን የእሱ ልጅ ቡድን ነበር። የእነሱ የልምምድ ሜዳ ከእኛው በመኪና አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። እነዚህ ልጆች በየማታው ከፎቃችን ኋላ ባለው የመኪና ማቆሚያ በነፃ ይጋጠማሉ። ጎሉ አንድ የቆሻሻ ገንዳና አንድ የተበላሸ ቶዮታ ነው። እኛ ግን ለሆቴል፣ ለነዳጅ፣ ለመመዝገቢያ ከፍለን፣ 200 ማይል ነድተን፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር አጋጠምናቸው። 6 ለ 0 ተሸነፍን። ባለ ወንበራችን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጉሮሮው እስኪዘጋ አሠለጠነ። ጎረቤቴ በዚያኛው በኩል የራሱን ወንበር ዘርግቶ መለሰለት። ሁለቱ በጃንጥላ እየተጠቋቆሙ ሲጨቃጨቁ ልጆቹ መሃል ላይ ቆመው ይሳሳቁ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ለሁሉም ሜዳሊያ ተሰጠ።

ማታ ሆቴል ውስጥ ድምፅ ሰምቼ በሩን ከፈትኩ። የሁለቱም ቡድን ልጆች ተቀላቅለው፣ ካልሲ ጠቅልለው፣ ኮሪደሩ ላይ ይጫወታሉ። ባዶ እግራቸውን። አሰልጣኝ የለ፣ ዳኛ የለ። ቀን ኳስ ስትመጣበት የሚደነግጠው ያ ክሩ የተፈታው ልጅ ሦስቱን አልፎ በበረዶ ማሽኑ ጎን አስገባት። እንደዚያ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። በዚህ መሃል 214 ቁጥር ተከፈተ። ባለ ወንበሩ በፒጃማ ወጣ። ተቆጥቶ ሊያስገባቸው ነው ብዬ ስፈራ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ትንሽ አየና «ናቲ፣ ክንፍህን ያዝ!» አለው ልጁን። ኮሪደሩ ስፋቱ ሁለት ሜትር አይሞላም።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልዱን ልተወው። በዚያ መጀመሪያ ባነሳሁት ቅዳሜ ያጫወተችን ዳኛ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ለአንድ ጨዋታ ጥቂት ዶላር ይሰጧታል። ኳስ በእጅ አልተነካም ብላ አሳለፈች፣ ይህ ሰው «ዕውር ነሽ እንዴ?» ብሎ ጮኸባት። ደግሞ ደጋገመው። ፊሽካዋን አፏ ውስጥ እንዳደረገች በእጅጌዋ እንባዋን ጠረገች። ጨዋታውን ግን አላቋረጠችም። አንተ ሰውዬ፣ አርባ አምስት ዓመት ሞልቶሃል! የሰው ልጅ ናት። ቤትህ ውስጥ እሷን የምታክል ሴት ልጅ አለችህ። ነውር ነው። እኔም አጠገብህ ቆሜ ዝም ማለቴ ነውር ነው።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ክለባችን ከዚያ በኋላ አንድ ዘዴ አመጣ። ዝምታ ቅዳሜ ተባለ። ወላጅ ማጨብጨብ ይችላል፣ ቃል መናገር አይችልም። ለማስታወሻ ይሆን ዘንድ በር ላይ ለእያንዳንዳችን ዘንግ ያለው ከረሜላ ታደለን። አፋችሁ ውስጥ አድርጉት ተባልን። ሜዳው ላይ የልጆቹ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። «እዚህ ነኝ!» ይባባላሉ። «አይዞህ!» ይባባላሉ። ናቲ ኳስ ሲደርሰው ወደ መስመር ዳር ዞረ፣ ጠበቀ፣ ምንም ሲያጣ ራሱ ወሰነና አቀበላት።

ባለ ወንበሩ በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ከረሜላውን ቆረጣጥሞ ጨረሰው። ሁለተኛ ጠየቀ፣ ሰጡት። ፊቱ ቀልቷል፣ የግንባሩ ሥር ተገትሯል። በአሥረኛው ደቂቃ ቀስ ብሎ ጃንጥላውን አነሳ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ጠብታ የለም። ከፈተው፣ ወደ ግራ አዘነበለው፣ ዘጋው፣ ሁለት ጊዜ ወደ ጎሉ ጠቆመበት። ናቲ ኳሷን ትቶ ጃንጥላውን ማንበብ ጀመረ።