"የጨረር ሕክምና ካልወሰደ ሌላ ካንሰር አይይዘውም" ለምትሉ

በልጅነቱ ሬቲኖብላስቶማ፣ ማለት የዓይን ካንሰር ይዞት የዳነ ልጅ ጨረር ካልወሰደ በኋላ ሌላ ካንሰር አያሰጋውም የሚል ነገር እዚህ ሲደጋገም አየሁ፣ ልክ አይደለም። ጨረር አደጋውን ይጨምራል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን በዘር የሚተላለፈው ዓይነት ከሆነ አርቢ1 (RB1) የሚባለው፣ በሽታውን የሚያመጣው የጂን ጉድለት ዓይን ላይ ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነት ውስጥ ስላለ ጨረር ያልነካውም ሰው ከዓመታት በኋላ የአጥንት፣ የጡንቻ ወይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሊይዘው ይችላል። ሁለቱም ዓይን ታሞ ከነበረ የዘሩ ዓይነት ነው ማለት ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ ከሆነ ግን የዘሩ ዓይነት ያለባቸው ከ100 ልጆች 15 ያህሉ ናቸው፣ በደም የጂን ምርመራ ይታያል። እባካችሁ ወላጆች፣ ልጁ ጎርምሶ እግሬን አመመኝ ካለና ህመሙ አልለቅ ካለው ወይ ካበጠ "እድገት ነው" ብላችሁ አትለፉት፣ የድሮውን የዓይን በሽታም ንገሩ፣ ሐኪሙ ካልነገራችሁት በምን ያውቃል።