ውዳሴ ለራቁቱ ቁጥር

በፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ ከተለመዱት ሥርዓቶች ሁሉ፣ ቁጥርን ያለ መለኪያ አሃዱ ራቁቱን ማሰናበትን ያህል ሊመሰገን የሚገባው የለም። ተለዋዋጩን (በፕሮግራሙ ውስጥ ቁጥሩ የሚቀመጥበትን ስፍራ) «ርቀት» ብሎ ሰይሞ፣ ሜትር ይሁን ጫማ የሚለውን ጥቃቅን ጉዳይ ለተከታዩ ባለሙያ የመገመት ችሎታ መተው የሰውን አእምሮ ማክበር ነው። የተጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ቢሆን ጨዋ ነው፤ ሜትርን ከሰከንድ ጋር ደምር ቢሉት ሁለቱም ቁጥሮች ስለሆኑ ያለ አንዳች ጥያቄ ይደምራል።

ይህ መተማመን እስከ ማርስ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የናሳ መንኮራኩር ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር ወደ ፕላኔቷ ስትቃረብ ጠፍታ ቀረች፤ ምክንያቱም በምድር ያለው አንዱ ሶፍትዌር የሞተሮቿን ግፊት በፓውንድ-ሰከንድ ሲያወጣ፣ ተቀባዩ ሶፍትዌር ቁጥሩን እንደ ኒውተን-ሰከንድ ስለወሰደው ነው። ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ገደማ ብቻ ነበር። ሰነድ አልነበረም እንዳይባል፣ የሥራው ዝርዝር ኒውተን-ሰከንድ እንዲሆን በጽሑፍ ያዝዝ ነበር፤ እንግዲህ በሰነድ የታዘዘውን ነገር ኮምፓይለር ደግሞ ይቆጣጠር ማለት ሰነዱን መናቅ አይሆንምን?

ጊዜን በተመለከተማ ልማዱ ወደ ጥበብ ከፍ ብሏል። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ «ተኛ» የሚለው ትእዛዝ 10 ሲሰጠው አሥር ሰከንድ ይተኛል፤ የጃቫስክሪፕት ሰዓት ቆጣሪ 10ን አሥር ሚሊሰከንድ አድርጎ ይወስደዋል፤ የጎ ቋንቋ ደግሞ ያንኑ 10 አሥር ናኖሰከንድ ብሎ ተረድቶ፣ ሳይተኛ የነቃ ያህል ወዲያው ይመለሳል። ከ1970 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ በሰከንድ የተቆጠረ የዛሬ ቀን ሚሊሰከንድ ለሚጠብቀው የጃቫስክሪፕት ቀን ሲሰጥም ተጠቃሚው ወደ ጥር 1970 እ.ኤ.አ. ይመለሳል፤ ይህን ጉዞ በነጻ የሚያቀርብ ሌላ ሙያ አላውቅም።

ደስታችንን የሚያደፈርሱ ግን አልጠፉም። ኤፍ ሻርፕ የተባለው ቋንቋ አሃዱን ከቁጥሩ ዓይነት ጋር አጣብቆ፣ ሜትርን ከሰከንድ ለመደመር የሞከረውን ፕሮግራሙ ገና ሳይሠራ ይመልሰዋል፤ ማጣራቱም በኮምፓይል ጊዜ ብቻ ተጠናቅቆ አሃዱ ስለሚደመሰስ፣ «ፍጥነት ይቀንሳል» የምንላት ሰበብ እንኳ ተወስዳብናለች። ሲ ፕላስ ፕላስም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሙሉ ቁጥር የሆነ ሚሊሰከንድ ሰከንድ በሚጠበቅበት ስፍራ በዝምታ እንዳይገባ ከልክሏል።

እኛስ መልስ አላጣንም። ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) እና ኢነርጂ ሁለቱም የኒውተንና የሜትር ብዜት ስለሆኑ የአሃድ ጥበቃ ብቻውን አይለያቸውም፤ ስለዚህ ሁለቱን መለየት ያቃተው ጥበቃ፣ ጫማንም ከሜትር ባይለይ ይሻላል እንላለን። ለማይረካው ሰው ደግሞ አስታራቂ ሐሳብ አለን፦ ተለዋዋጩን «ርቀት_በሜትር» ብሎ ይሰይመው። ነገ ሌላው ባልደረባ እዚያው ውስጥ ጫማ ሲያስገባበት ኮምፓይለሩ ስሙን ያያል፣ ትርጉሙን አያነብም፣ ያልፋል።