መወጣጫ ስለተሠራ ብቻ አካቶ ትምህርት አይባልም

የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ለአካል ጉዳተኞች መብት ስለሠሩት ሥራና እ.ኤ.አ. በ2017 ስላገኙት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የሚያወሳ ጽሑፍ ወጥቶ ማንበብ ደስ ይላል። ይገባቸዋል። የሚሟገቱለት አካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር አብረው የሚማሩበት አሠራር፣ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚጠይቅ ግን ጽሑፉ አልነካውም።

በዊልቸር ለመውጣት የሚሠራው መወጣጫ (ራምፕ) አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ተዳፋቱ ላይ ነው። ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ 30 ሳንቲሜትር ለሚሆኑ ሁለት ደረጃዎች 3 ሜትር ከ60 ማለት ነው። ቦታ ለመቆጠብ ሜትር ተኩል ላይ ከተጨረሰ ልጁ ያለ ገፊ አይወጣም፤ ሲወርድም ዊልቸሩ ያመልጠዋል። ሽንት ቤቱስ? በሩ ጠባብ ከሆነ ወይም ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ፣ ልጅቷ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች፤ በመጨረሻም ትቀራለች።

ዓይነ ስውር ተማሪ ብሬልን፣ ማለትም በጣት የሚነበበውን የነጥብ ጽሕፈት፣ በስሌት (ወረቀቱን በሚይዘው ባለቀዳዳ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (በመውጊያው) ሲጽፍ ነጥቦቹን ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ከዚያ ወረቀቱን አውጥቶና ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። የጻፈውን ለመፈተሽ በየጊዜው ማውጣት ስላለበት ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት መስጠት ችሮታ አይደለም። ወረቀቱ ወፍራም ይሁን፤ ስስ ደብተር ይቀደዳል፣ ነጥቡም ቶሎ ይተኛል። መምህሩም ሰሌዳው ላይ የሚጽፈውን እየጻፈ ያንብብ። «ይህን ከዚያ ስንቀንስ» የሚለው ለማያይ ልጅ ምንም አይነግረውም።

መስማት የተሳነውን ልጅ የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር ሳይኖር ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ማካተት አይደለም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 በግልጽ ስለ አካቶ ትምህርት ነው። እንግዲያውስ የብሬል ወረቀትና አስተርጓሚ በትምህርት ቤቱ ዓመታዊ በጀት የራሳቸው መደብ ይኑራቸው፤ የእርዳታ ድርጅት እስኪመጣ አይጠበቅ።