አቦሉን ለጉርጥ

ቻይና፣ ጓንግዡ የሄድኩት ሴራሚክ ልገዛ ነው። ነጋዴው ግን ዋጋ ሳይነግረኝ ሻይ ይጠጣ አለ።

ሻይ ስላችሁ ስኳርና ቅርንፉድ እንዳይመጣባችሁ። ዩናን ከሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ፑኧር የሚሉት የሻይ ዓይነት ነው። ተጠፍጥፎ የደረቀ፣ 357 ግራም የሚመዝን፣ በወረቀት የተጠቀለለ። ከሩቅ ሳየው ኩበት መሰለኝ። ቀርቤ ሳየውም ያው ኩበት ነው።

«ጋሼ፣ ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ጥሬ ፑኧር ነው፤ ሲያረጅ ነው የሚወደደው» አለኝ አስተርጓሚዬ፣ እዚያው የሚማር የአገሬ ልጅ። እናቴ ብታገኘው ጠርጋ ትጥለው ነበር። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ቶሎ የሚብላላበት ዘዴ ተገኝቷል አሉ። ነጋዴው ያንን የቸኳይ ሻይ ነው ብሎ ናቀው።

ፈልፍሎ ክዳን ያላት ሲኒ ውስጥ ጨመረና የፈላ ውሃ አፈሰሰበት። ወዲያው አንስቶ ትሪው ላይ በተቀመጠች የሸክላ ጉርጥ ላይ ደፋው። ክው አልኩ። አቦሉን ጉርጥ ጠጣችው!

«ማጠቢያው ነው ጋሼ፣ አይጠጣም።»

ታጥቦ የሚጠጣ ሻይ!

የአንደኛው ዙር ሽታ የአያቴን የልብስ ሳጥን አስታወሰኝ፤ ካፉር፣ አሮጌ እንጨት፣ ዝናብ የነካው አፈር። ሁለተኛው መረረኝ። ሦስተኛውም መረረኝ፤ ግን ከዋጥኩት በኋላ ጉሮሮዬ ላይ ጣፈጠኝ። ሁዪጋን ይሉታል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል።

በረካን ስለጠጣሁ ሲኒዬን አስቀምጬ «ቤታችሁ ይባረክ» ብዬ ተነሳሁ። ልጁ ኮቴን ጎተተኝ። «ጋሼ፣ ገና ነው። እስከ አስር ይሄዳል።»

አስር! እኛ ቤት ቡናው ሲቀጥን ሐሜቱ ይወፍራል። እዚህ ሐሜት የለ፣ የቡና ቁርስ የለ። ፈንዲሻ ፍለጋ ዓይኔ ትሪውን ሦስቴ ዞረ።

በስድስተኛው ትዕግሥቴ አለቀ። ወደ ዋጋው እንግባ ለማለት ጠረጴዛውን በሁለት ጣቴ ኳ ኳ አደረግኩ። ነጋዴው ፊቱ በራ፣ ቀዳልኝ። ደግሜ መታሁ፤ ደግሞ ቀዳልኝ። ለካ እዚያ አገር በጣት ጠረጴዛ መምታት ማመስገን ነው።

ዘጠነኛው ላይ ሻዩ ፈዞ ውሃ ሆነ፤ ዋጋውም ያኔ ተነሳ። ውድ ነበር። ግን እግሩን አጣምሮ የተቀመጠ ሰው ምን ይከራከራል? «እሺ፣ እሺ» ብዬ ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩ።

ስመለስ ውሉ ተጽፎ፣ ሲኒዬ ሞልቶ ጠበቀኝ።