እንዴት ነሽ?

እህቴ ሲያትል ከገባች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እዚያ ሰፈሯ ውስጥ ለስደተኞች በነፃ የሚሰጥ የጤና ትምህርት አለ፤ ትንሽ ዮጋ፣ ትንሽ አተነፋፈስ፣ ከዚያ ክብ ሠርቶ መጨዋወት። እነሱ ዘንድ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ሲል ሐዋሳ ምሽት 2 ሰዓት ነው። እማዬ ቶናውን እየቀዳች ስልኩን ከረከቦቱ ጋር ታስደግፍና በኢሞ ትከታተላለች። አልተመዘገበችም እንጂ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም።

የመጀመሪያው ጠብ ግንቦት ላይ ተነሣ። እህቴ እጇን መሬት ተክላ ብታጎነብስ፣ እማዬ ሲኒውን አስቀመጠች።

«አንቺ ልጅ! ሃምሳው ቀን ሳያልቅ ስግደት?»

«ስፖርት ነው፣ እማዬ።»

«ስፖርት ከሆነ ዓይን ምን ያስጨፍናል?»

ጎረቤታችን ደግሞ የከነከናት ሌላ ነው፦ «ሰው መተንፈስን ክፍል ገብቶ የሚማርበት አገር፣ ምን ቢያስጨንቅ ነው!»

እኛም ብንሆን ጤና አንጠላም። በጠዋት ቱታ ለብሰን ፍቅር ሐይቅ ዳር እንራመዳለን፤ እርምጃችን አሞራ ገደል ሲደርስ ዓሣ ጥብስ ላይ ያርፋል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ፍርፋሪያችንን እየጠበቁ ከኛ በላይ ወፍረዋል።

ጉዱ የመጣው ግን ከጨዋታው ነው። አሠልጣኟ እህቴን «እንዴት ነሽ?» አለቻት። እሷም እንዳደገችበት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ሴትዮዋ አላለፈችም። ዝም ብላ ጠበቀች። እኛ ዘንድ መልስ የሚጠብቅ ማን አለ? «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ሥራ እንዴት ነው» በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል፤ ባጃጁ እንኳ ሳይቆም ተጠያይቀን ጨርሰን እንለያያለን። እህቴ ዝምታው ሲጠናባት ድንገት አለቀሰች።

«ማን ሞተ?» እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጮኸች። ጎረቤት ግቢውን ሞላው። «ማንም አልሞተም፣ እንዴት ነሽ ተብላ ነው» ብል ማን ይስማኝ! ሰውም የመጣበትን ልቅሶ ስላላገኘ ቅር ብሎት በረካውን ጠጥቶ ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማዬ ገና ስልኩ ሲነሣ፣ «እንዴት ነሽ ልጄ?» አለች። «ደህና።» እማዬ ጠበቀች። እጇ ላይ ያለው ቡና በረደ። እህቴም ስለ ሌሊት ሥራዋ፣ ስለ ጀርባ ሕመሟ፣ ስለ ብቸኝነቷ ቀስ እያለች አወራች። ሲበቃት፣

«አንቺስ እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» አለችና እሷም ዝም ብላ ጠበቀች።

እማዬ ስልኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ሄሎ? ሄሎ? ይሄ ኔትወርክ!» ብላ ዘጋችው።