ጀግናውን «የማን ወገን ነው?» ከማለታችን በፊት

የካቲት 26 ቀን ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ነበር። ከአጠገቤ አራት ወጣቶች አንድ ስልክ ከበው ይከራከራሉ። ስልኩ ላይ ያለው የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪው የብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ፎቶ ነው። ደስ አለኝ። ወራሪው የሶማሊያ ጦር ድል የተመታበትን የካራማራን ቀን የሚያስታውስ ልጅ አለ ማለት ነው አልኩ። ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ምን ሠሩ የሚል የለም። ክርክሩ «ብሔራቸው ምንድን ነው?» ነው።

ኧረ ተው፣ ወገኖቼ!

ይሄን ጥያቄ የወሎ ልጅ ሲጠይቀው ነው የበለጠ ያናደደኝ። አባት መሐመድ፣ ልጅ ኃይለማርያም በሚባልበት አገር ነው እኮ ያደግነው። እንግዳ ቢመጣ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቡና ነው። ለጀግና ሲሆን ግን መታወቂያ እንጠይቃለን።

እስቲ ሰውየው የሠሩትን እናውራ። በ1969 ክረምት የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ወሰን ጥሶ ገባ። ጎዴ ተያዘች። መስከረም ሳይጋመስ ጅጅጋም ሄደች። ሐረርና ድሬዳዋ እንቅልፍ አጡ። ሶማሊያ ሚግ 17 እና ሚግ 21 የሚባሉ ተዋጊ አውሮፕላኖች ነበሯት። እኛ ደግሞ ጥቂት ኤፍ 5። ለገሠና ጓደኞቻቸው በእነዚህ ተነስተው ሚጎቹን አንድ በአንድ ያወርዷቸው ጀመር። ብዙ ሳይቆይ ሰማዩ የእኛ ሆነ። ይሄ ለእግረኛው ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ከላይ ቦምብ የወረደበት ነው። ደሴማ ታውቀዋለች። በኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ሲደበድቧት፣ ተነስቶ የሚገጥማቸው አንድ ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረንም።

ከዚያ የለገሠም አውሮፕላን ወደቀ። በጃንጥላ ወርደው ተማረኩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። 11 ዓመት ታሰሩ። አስራ አንድ! እኛ «ሚግ ጣለ!» ብለን እንፎክርና እስሩን በአንድ መስመር እናልፈዋለን። እስቲ በእኛ በወሎዎች ቁጠሩት። እሳቸው ሶማሊያ እስር ቤት ሳሉ የ77ቱ ረሃብ መጥቶ ሄደ። ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ከተረፈው ብዙው ለሰፈራ ተጫነ። ከሰፈራው ጠፍቶ በእግሩ የተመለሰም ነበር። እሳቸው ያኔም እስር ቤት ናቸው። የተፈቱት በ1980፣ ሁለቱ መንግሥታት ከተስማሙ በኋላ ነው። አገሪቱ ከፍተኛውን የጀግና ሜዳይ ሸልማቸዋለች። እኔን ብትጠይቁኝ ከሚጎቹ ይልቅ ያ 11 ዓመት ይከብደኛል። (አብራሪዎች አትቀየሙኝ።)

በነገራችን ላይ ይሄን ሁሉ ስናነሳ ዛሬ ሶማሌ ጎረቤቱን የሚሰድብ አይጠፋም። እሱም ነውር ነው። ካራማራ ላይ የተገጠመው የአንድ መንግሥት ጦር ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ከቤቴ ሦስት አጥር አለፍ ብሎ አንድ ጡረተኛ ሻምበል አሉ። ኦጋዴን ላይ የመቶ አለቃ ሆነው ተዋግተዋል። ሜዳያቸውን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከመርፌና ክር ጋር ነው የሚያስቀምጡት። አንድ ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ቢሮ ሄደው «መዋጋትዎን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጡ» ተባሉ። ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ጭናቸውን አሳዩ። ጸሐፊዋ አለቀሰች ይባላል። ጉዳዩ ግን አላለቀም።

በዓል ሲደርስ እኚህን ሰው መድረክ ላይ እናወጣለን። እናጨበጭባለን፣ ጋቢ እናለብሳለን፣ ፎቶ እንነሳለን። በማግስቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንገፋቸዋለን። የሰፈሩ ልጆች አግኝተው የጠየቋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ሰው ገደሉ?» ሻምበሉ ለዚህ መልስ ሰጥተው አያውቁም። ማንም ግን «በስንት ውሃ ዋላችሁ? ከጎንዎ የወደቀው ስሙ ማን ነበር?» አላላቸውም። አብረዋቸው የዘመቱት ከታጠቅ የሚሊሻ ማሠልጠኛ ጦር ሰፈር የወጡ ገበሬዎች ነበሩ። ከመካከላቸው የ66ቱን ረሃብ አምልጠው፣ አራት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይጠግቡ የሄዱ የወሎ ልጆች አሉ። የስንቱን ስም እናውቃለን?

በ2014 ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ሁላችንም ተቆጭተናል። ልክ ነው፣ ያስቆጫል። ግን የተዘረፈው ዕቃ ምን እንደነበረ የሚናገር አለ። ሻምበሉ ሲያልፉ ይዘውት የሚሄዱት ምን እንደሆነ ማን ይናገራል? ስልካችሁ ድምፅ ይቀርጻል። ለሠርግ ጭፈራ ስታውሉት አይቻለሁ። አንድ ቅዳሜ ለሽማግሌ አውሉት።

ይሄን ስል እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ስንት ዓመት በዚያ በር አልፌ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ» ብቻ ብዬ ሄጃለሁ። ያለፈው ሳምንት ግን አፍሬ ገባሁ። ስልኬን ከረከቦቱ ጎን አስቀመጥኩ። ሻምበሉ ስልኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ከየት ልጀምር?» አሉ።

«ከሆለታ፣ ጋሼ። ከጦር ትምህርት ቤቱ።»

በረካው ሲቀዳ ገና ሐረር አልደረስንም ነበር።